የኪራይ አፈር

«ከሃያ አምስት ዓመት በኋላስ?» አሉ ወይዘሮ ሉቬንያ።

ካፖርታቸውን ገና አላወለቁም። ከአላባማ ተነሥተው ውቅያኖስ ተሻግረው፣ ጀርመን ባለው የአሜሪካ ጦር ሰፈር ከሚገኙት ተመሳሳይ ሕንጻዎች በአንዱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የልጃቸውን ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የረገጡት ዛሬ ጠዋት ነበር፤ እሱም ልጃቸው ከሞተ በኋላ። የእጅ ቦርሳቸውን በጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ ለመነሣት እንደ ተዘጋጀ እንግዳ የወንበሩን ጫፍ ብቻ ይዘው ተቀምጠዋል።

«ከዚያ በኋላ የመቃብሩ ውል ይታደሳል፣ እማማ» አለች ምራታቸው ዋልትራውድ። ጀርመናዊት ናት፤ የተወለደችው ከጦር ሰፈሩ አጥር ማዶ ባለው መንደር ነው። «የሚያድስ ዘመድ ከሌለ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። በእኛ ዘንድ ደንቡ እንዲህ ነው።»

«ድንጋዩስ?»

«ይነሣል።»

«አጥንቱስ?»

ከዋልትራውድ አጠገብ የተቀመጠችው የዐሥራ አንድ ዓመት ልጇ ሬናቴ፣ እስከ ዛሬ በፎቶግራፍ ብቻ የምታውቃቸውን አያቷን በስርቆት ትመለከታለች።

«እንግዲያው ልጄን ኪራይ ቤት ልታስገቢው ነዋ» አሉ አሮጊቷ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። «አባቱ የተኛበት መሬት የእኛ ነው። ማንም መጥቶ ውል አድሱ አይለንም።»

መቶ አለቃ ሆልኮም ቆቡን በብብቱ ይዞ በሩ ሥር ቆሞ ነበር። ቀብሩ እስኪፈጸም ቤተሰቡን እንዲረዳ የታዘዘ ወጣት መኮንን ነው፤ በየቀኑ እየመጣ፣ በየቀኑም ያንኑ ጥያቄ በለዘበ ድምፅ ያቀርባል። ሟቹ የት ይቀበር? መልሱን እስከ ነገ፣ እስከ መታሰቢያው ሥነ ሥርዓት ፍጻሜ ድረስ ማወቅ ነበረበት። በሠራዊቱ ሕግ የመጨረሻው ቃል የሚስት ነው። ይህንን በክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ያውቁ ነበር።

ሃምሳ አለቃ ኦዴል ፕሩዊት የሞተው በክረምቱ ልምምድ ላይ ነበር። የተሳፈረበት ብረት ለበስ መኪና በረዶ ያጋገረውን ቁልቁለት ሲወርድ ጫካው ውስጥ ተገለበጠ። ሌሎቹ ተርፈዋል።

ከሰዓት በኋላ የሕንጻው ሴቶች በክዳን የተሸፈነ ምግብ እየያዙ ደረጃውን ይወጡ ጀመር። ዶሮ፣ ማካሮኒ፣ በስኳር የተጋገረ ድንች። ዋልትራውድ ሁሉንም እያመሰገነች ትቀበላለች፤ የሚበላው ሰው ግን አልነበረም። ሴቶቹ ከወጡ በኋላ ደረጃው ላይ ቆመው ይንሾካሾካሉ። አንዷ፣ ሚስቲቱ ጀርመናዊት እንደ መሆኗ በቅርቡ ቤቱን ለቅቃ ወደ እናቷ ትገባለች አለች፤ ሌላዋ ልጅቷ አሳዘነቻት፤ ሦስተኛዋ እናቲቱ ሬሳውን ሳይዙ አይመለሱም ብላ ተወራረደች። ከላይኛው ፎቅ የምትኖረው ቻርሊን ግን ኦዴልን ነበር የምታነሣው። ቅዳሜ ቅዳሜ ደረጃውን የመጥረግ ተራ ነበረና፣ ሰውዬው የራሱን ጨርሶ የሁሉንም ተራ ይጠርግ ነበር።

«ጀርመኖቹ ራሳቸው መጥተው አሠራሩን ሊማሩ ምንም አልቀራቸውም» አለች ቻርሊን። «የእኔ ባል አንድ ቀን መጥረጊያ ይዞ ቢታይ እኮ ሐኪም ነው የምጠራለት።»

ሴቶቹ ሳቁ። ዋልትራውድ በሩን ስትከፍት ሳቁ እንደ ተቆረጠ ክር ቀጥ አለ። እንዲቀጥሉ ልትለምናቸው ፈልጋ ነበር፤ አመስግና ብቻ በሩን መልሳ ዘጋች።

ኦዴል የመጥረጉን ልማድ ያመጣው ከዋልትራውድ መንደር ነበር፤ እዚያ ቅዳሜ ሁሉም ደጁን ይጠርጋል። ከእሷ ጋር በተጋቡ ጊዜ፣ የጫካ ጠባቂ የነበሩት አባቷ ለዚህ ጥቁር አሜሪካዊ ወታደር ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል አልተነፈሱለትም። አንድ የመከር ጠዋት ግን ሳይታሰብ መጡና ቅርጫት በእጁ አስይዘው እንጉዳይ ለቀማ ይዘውት ሄዱ፤ ሲመለሱም ያወራሉ። እሳቸው ሲሞቱ የመቃብራቸውን አበባ ውኃ ማጠጣት የኦዴል ሥራ ሆነ። የመንደሩ ባልቴቶች መጀመሪያ ከሩቅ አዩት፤ ቀጥሎ ሰላምታ ሰጡት፤ በመጨረሻም የየራሳቸውን ማጠጫ ያሸክሙት ጀመር። እዚህ ሙታን ጎረቤት አላቸው ይል ነበር፤ በየሳምንቱ የሚጠይቃቸው አያጡም። ከዕለታት አንድ ቀን በአማቱ መቃብር አጠገብ ያለውን ባዶ ቦታ በጫማው ጫፍ ነክቶ፣ «እኔንስ እዚህ ብታስተኚኝ አልቀየምሽም» አላት። ቀልድ ነበር። ከቀልድ የጠለቀም ነበር።

አላባማ የሄዱት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ሬናቴ ሳትወለድ። ወይዘሮ ሉቬንያ በረንዳው ላይ ቆመው ልጃቸውን አቀፉ፤ ከዚያም ከጀርባው የቆመችውን ነጭ ሴት በትከሻው ላይ አሻግረው አይተው፣ «እሷስ የት ልታድር ነው?» አሉት። ኦዴል አልተቆጣም። ሻንጣዎቹን መልሶ መኪናው ላይ ጫነ። ያንን ሌሊት በአንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ መኪና ውስጥ አደሩ።

ከዚያ ወዲያ የጀርመን አገልግሎቱ ጊዜ ባለቀ ቁጥር እንዲራዘምለት የሚጠይቀው ራሱ ነበር። ለእናቱ ግን በስልክ፣ «ሠራዊቱ አለቀቀኝም፣ እማዬ» ይላቸዋል። ዋልትራውድ አጠገቡ ቆማ ወለሉን ታያለች።

አሁን ይህ እውነት በአፏ ውስጥ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይበቃት ነበር፤ የያዘው ሠራዊቱ አይደለም፣ እዚህ መቅረትን የመረጠው ራሱ ነው ብትል፣ ክርክሩ በዚያው ያከትማል።

አመሻሹ ላይ ወይዘሮ ሉቬንያ ወጥ ቤት ገብተው ሳይጠየቁ ሳህን ማድረቅ ጀመሩ።

«ልጄን የወሰደብኝ ሠራዊቱ ነው» አሉ ጀርባቸውን እንደ ሰጡ። «ልቀቁልኝ ብዬ ስጸልይ ጉልበቴ አለቀ። አሁን ሞተና ለቀቁት፤ ደግሞ አንቺ ያዝሽው።»

ዋልትራውድ አፏን ከፈተች። አሮጊቷ ዞረው አዩአት። ነጩ የአንገት ጥልፋቸው ከጉዞው ብዛት ተጨማድዶ ነበር፤ የደረቀውን ሳህን ደግመው ያብሳሉ።

«ሻይ ላፍላልዎ?» አለች ዋልትራውድ።

በማግስቱ የጸሎት ቤቱ በወታደሮች ሞላ። ከፊት የኦዴል ጫማ፣ በአፈሙዙ የተተከለ ጠመንጃና በላዩ የራስ ቁሩ ቆመዋል። ቀጥሎ ስለሚሆነው ነገር ለወይዘሮ ሉቬንያ የነገራቸው ሰው አልነበረም። በጦር ሰፈር ለኖረ ሰው ጉዳዩ እንደ መተንፈስ የታወቀ ነውና፣ የማያውቅ ሰው እንደሚኖር ለዋልትራውድም አልታሰባት።

የጦር ክፍሉ አንጋፋ ሃምሳ አለቃ ከመቀመጫው ተነሥቶ ስም መጥራት ጀመረ። አንድ ስም ጠራ፤ አንድ ወታደር ቆሞ «አለሁ» አለ። ሌላ ጠራ፤ ሌላው መለሰ። ከዚያም፣

«ሃምሳ አለቃ ፕሩዊት!»

ዝምታ።

«ሃምሳ አለቃ ኦዴል ፕሩዊት!»

ሥርዓቱ ይኸው ነው። ሟቹ ሦስት ጊዜ ይጠራል፤ ሦስት ጊዜም ዝምታው ይመልሳል፤ ሁሉም ሰው መቅረቱን በጆሮው ይሰማል። ዋልትራውድ ሦስተኛውን ጠበቀች።

«ሃምሳ አለቃ ኦዴል ኢዛያ ፕሩዊት!»

«አቤት» አሉ ወይዘሮ ሉቬንያ።

ተነሥተው ቆመው ነበር። ልጃቸው ከሜዳ ሳይመለስ ሰው ደጃፍ ላይ ሲጠራው ስለ እሱ እንደሚመልሱት ዓይነት፣ በቀና የቤት ድምፅ ነበር ያሉት። «እናቱ ነኝ። እሱ የለም።»

ጸሎት ቤቱ እንዳለ ደነገጠ። አንጋፋው ሃምሳ አለቃ ስንቱን ሙት ጠርቶ እስከ ዛሬ ከማንም መልስ ሰምቶ አያውቅም፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሣቸው። አሮጊቷ ተቀመጡ። ዋልትራውድ በልቧ ስትከራከርበት የሰነበተችው ነገር ሁሉ በዚያች አንዲት ቃል ተናደ። እሷ ኦዴልን ዕለት ዕለት ጠርታው መጥቶላታል፤ ማታ ማታ ደረጃው ላይ ኮቴውን ሰምታለች። እኚህ ሴት ግን ይህን ሁሉ ዘመን በረንዳቸው ላይ ቆመው፣ ልጃቸውን ሌላ ሰው ሲጠራው ብቻ እያዳመጡ፣ እሱ ሳይመጣላቸው ኖረዋል።

ደጅ ሲወጡ መቶ አለቃ ሆልኮም ተጠጋ። አፉን ሳይከፍት ዋልትራውድ ቀደመችው።

«ወደ አላባማ ይሄዳል። ከአባቱ ጎን።»

«እርግጠኛ ነዎት፣ ወይዘሮ ፕሩዊት?»

«አይደለሁም። አሁኑኑ ይጻፉት።»

መኮንኑ ሄደ። ሦስቱ ሴቶች ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ ያዙ፤ ሬናቴ ከኋላ። በረዶው ከጫማቸው ሥር ይንኮሻኮሻል።

«አሳፈርኳችሁ» አሉ ወይዘሮ ሉቬንያ።

«አላሳፈሩንም።»

«ሠራዊቱ እንዳልያዘው አውቃለሁ» አሉ አሮጊቷ። «በስልክ ሲዋሸኝ አጠገቡ ስትተነፍሺ እሰማሽ ነበር። ትናንት ልትነግሪኝ ነበር። ለምን ዋጥሽው?»

«ምን ይጠቅምዎ ነበር?»

«አንቺን ይጠቅምሽ ነበራ።» በእጃቸው መዳፍ አፍንጫቸውን ጠረጉ። «በዚያ በረንዳ ላይ የተናገርኩትን እግዜር እስከ ዛሬ ያስደግመኛል። ከልጄ ጎን ሰፊ ቦታ አለ። ብትፈልጊ የአንቺ ነው።»

ዋልትራውድ ቀና አለች። ከአጥሩ ማዶ የመንደሯ የደወል ቤት ይታይ ነበር።

በዚህ ጊዜ የምሽቱ መለከት ተነፋ። የሰፈሩ ባንዲራ የሚወርድበት ሰዓት ነበር፤ እንደ ወትሮው መኪኖቹ ባሉበት ቆሙ፣ ወታደሮቹ ወደ ባንዲራው ዞረው እጃቸውን ወደ ግንባራቸው አነሡ፣ ከሱቅ የሚመለሱ ሴቶች ዘንቢላቸውን መሬት አኖሩ። ዋልትራውድ በጋብቻዋ ዘመን ሁሉ ይህ መለከት ሲነፋ እግሯን አንሥታ አታውቅም። ሬናቴም እንደ ተማረችው ቀጥ ብላ ቆማ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

ወይዘሮ ሉቬንያ ብቻ፣ ለማን እንደሚነፋ ሳያውቁ፣ እንደ ሐውልት በቆመው ሕዝብ መካከል አጎንብሰው ብቻቸውን ይሄዱ ነበር።

ዋልትራውድ ወደ ሬናቴ ተመለሰች። የልጇን እጅ ከደረቷ ላይ ቀስ ብላ አወረደች፣ መለከቱም ሳያቆም እየመራች ወስዳ በአያቷ እጅ ውስጥ አኖረችው።