አደን የሚለው ቃል

መዝገበ ቃላት ስናዘጋጅ ከጠዋት ጀምሮ «አደን» ላይ ተፋጠናል። አለቃዬ «አውሬ አሳድዶ መግደል» ብሎ ፈርዷል። እኔ ደግሞ «መፈለግ» ይቅደም ባይ ነኝ።

«የቃሉ መነሻ መፈለግ ነው ለማለት ምን ማስረጃ አለሽ?» አለኝ።

ማስረጃዬ አባቴ ነው። ይህን ብናገር ግን መሳቂያ እሆናለሁ።

አባዬ በጉልምስናው አዳኝ ነበር። «መተኮስማ ማን ያቅተዋል? አደን ማለት ሚዳቋዋን ሆኖ ማሰብ ነው። በዚህ ሰዓት የት ትሄዳለች ብለሽ ነው የምትፈልጊያት» ይለኝ ነበር። አሁን ግን መርሳት ጀምሯል፤ አንዳንድ ቀን የኔንም ስም ያጣዋል።

ሙግቱ ሳያልቅ ወንድሜ ደወለ። «አባዬ የለም! ፊቴን ታጥቤ ስወጣ የውሃ ሽታ ሆነ!»

ቦርሳዬንም ሹራቤንም ሳላነሳ ወጣሁ። ገበያውን፣ ፋርማሲውን፣ የአውቶቡስ ማቆሚያውን አካለልኩ። ያየው የለም። ሰማዩ ጠቁሯል፤ መኪናው እንደ ጉድ ይከንፋል፤ የኔ አባት ደግሞ መንገድ መሻገር እንኳ ከረሳ ቆይቷል። በጣም ፈራሁ። ያኔ ምክሩ ትዝ አለኝ። መሮጡን ተውኩና እሱን ሆኜ ለማሰብ ሞከርኩ። አሥር ሰዓት ሊሆን ነው። አባዬ በዚህ ሰዓት የት ይሄዳል?

ወደ ድሮ ትምህርት ቤቴ በረርኩ።

በሩ ላይ ቆሟል። በነጠላ ጫማ ነው፤ ዓይኑን ከሚወጡት ልጆች ላይ አልነቀለም። ልጅ ሳለሁ በየቀኑ እዚያው ቦታ ቆሞ ነበር የሚጠብቀኝ።

«አባዬ!»

ዞር ብሎ በትህትና አየኝ። «የኔ እህት፣ አንዲት ትንሽ ልጅ አላየሽም? ቀይ ሹራብ ለብሳለች። ሁሉም ወጡ፣ እሷን ግን አጣኋት።»

እኔ ነኝ ልለው አልኩና ተውኩት፤ ተጨንቋል፣ እኔ እሱን ስፈልግ የተጨነቅኩትን ያህል።

«እየመጣች ነው» አልኩት። «አብረን እንጠብቃት?»

«ተባረኪ» አለኝ።

ጎን ለጎን ቆምን። ልጆቹ አለቁ፤ ዘበኛው በሩን ዘጋ፤ ካፊያም ጀመረ። አባዬ እጄን ያዘና ወዲያው ፊቱን ቋጠረ።

«እጅሽ በረዶ ሆኗል እኮ! ሹራብሽን የት ጣልሽው?»

«ረሳሁት፣ አባዬ።»

«አንቺ ዝንጉ!» አለኝ፤ ኮቱንም አውልቆ አለበሰኝ።