ቀለሙ ሳይደርቅ

«እሑድ ጠዋት ቤት ነሽ?» አሉ እትዬ ተረፈች በስልክ።

ጥያቄው ተራ ነበር፤ ድምፁ ግን ተራ አልነበረም። ጉሮሮ ከተጠራረገ በኋላ የሚወጣ፣ ደስ ያለው እንዲመስል በግድ ከፍ የተደረገ ድምፅ ነበር። አባይነሽ የስልኩን ሽቦ በጣቷ ጠቀለለች። ባለፈው ሳምንትም ይህንኑ ጠይቀዋት፣ የሥራ ሺፍት አለኝ ብላ ዋሽታቸው ነበር።

«ምነው እትዬ፣ በደኅና ነው?»

«በደኅና ነው እንጂ! ዓይንሽ ናፈቀኝና ብቅ ልበል ብዬ ነዋ። ከስታለች ይላሉ ያዩሽ።»

«ማን አየኝ?»

«ይላሉ ነው የምልሽ! በይ አትከራከሪኝ፤ ቤት ነሽ አይደለሽም?»

«ቤት ነኝ» አለች።

እትዬ ተረፈች በዚህ የባዕድ አገር ከተማ ሌላ ዳር፣ ሆፐርስ ክሮሲንግ ሆነው የልጅ ልጆቻቸውን የሚጠብቁ ሴት ናቸው፤ አባይነሽ ሴንት አልባንስ ሰፈር ከገባች ወዲህ አንድም ቀን ደጇን ረግጠው አያውቁም። ይህን ድምፅ ግን ታውቀዋለች፤ አንድ ጊዜ የራሷ ነበርና። አምና ዳንደኖንግ የሚኖረው ደበላ አባቱ አገር ቤት ሲያርፉ፣ መርዶውን ሊነግሩት ከተሰበሰቡት መካከል ስልኩን እንድትደውል የተመረጠችው እርሷ ነበረች። «ያንቺ ድምፅ ረጋ ያለ ነው» ብለዋት። ደውላ፣ ስለ ብርዱ አውርታ፣ ስለ ባቡሩ አውርታ፣ በመጨረሻ እንደ ዋዛ ጣል አደረገችው፦ እሑድ ጠዋት ቤት ነህ?

እንግዲህ ከእርሷም ሰዎች አንዱ የለም ማለት ነው። ማን? ደብረ ማርቆስ የቀሯት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ልባቸውን የሚያማቸው እናቷ፣ የጭነት መኪና የሚነዳው ወንድሟ እንድርያስ፣ ፍንጭቷን በእጇ እየሸፈነች የምትስቀው ታናሽ እህቷ አጸደ። ለእናቷ ጎረቤት ስልክ ደውላ መጠየቅ ትችል ነበር። መነጋገሪያውን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። እስኪነገራት ድረስ ሦስቱም አሉ።

በዚያው ሳምንት፣ በምትሠራበት የሕፃናት መዋያ፣ ኃላፊዋ ጁዲ አንድ የአሜሪካ መጽሔት ይዛ መጣች። ሀሎዊን፣ አሜሪካኖች በአጽምና በጣረሞት ጌጥ የሚጫወቱበት በዓል፣ ሰኞ ይውላል፤ በዚህ አገር በቴሌቪዥን ካልሆነ በቀር የሚያውቀው የለም፤ ቢሆንም ልጆቹ ለምን ይቅርባቸው? ጌጡን ደግሞ ከሚጣል ዕቃ በገዛ እጃችን እንሠራዋለን አለች። ሠራተኞቹ ወለል ወለሉን ሲያዩ፣ በስብሰባ ላይ ድምፅዋ ተሰምቶ የማያውቀው አባይነሽ ተናገረች።

«እኔ እሠራዋለሁ። ቤት ወስጄ።»

«ሁሉንም?» አለች ጁዲ።

«ሁሉንም።»

«አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር!»

ከመጽሔቱ ሥዕሎች አንዱን፣ ጥርሱን ያገጠጠ አጽም፣ የአራት ዓመቷ ኒስሪን በጣቷ ነካችው።

«ሞቷል?»

«አዎ፣ ሞቷል።»

«ታዲያ ምን ያስቀዋል?»

አባይነሽ መጽሔቱን ዘጋችው።

ቅዳሜን በቀለም አሳለፈችው። የወተት ፕላስቲኮችን አጥባ፣ ጥቁር ዓይንና ጥቁር አፍ እየሣለች የራስ ቅል አደረገቻቸው። የእንቁላል ካርቶን ቆራርጣ፣ ጥቁር ቀብታ፣ የሌሊት ወፍ አወጣችለት። ከወፍራም ካርቶን አጥንት ቀድዳ መገጣጠሚያውን በሲባጎ ስታስረው፣ ክንዱና ጉልበቱ የሚወዛወዝ አጽም ሆነ። አሮጌ አንሶላዋን ቀደደች፤ ጋዜጣ ጨብጣ ራስ እየሠራች፣ ጨርቁን አልብሳ አንገቱ ላይ አሰረችው። ጣረሞት ሆነ፤ አንድ፣ ሌላ፣ ደግሞ ሌላ። በመስኮቱ ላይ ከጥቁር ክር የሸረሪት ድር ዘረጋች። ቀለሙ እንዲደርቅም ከመጋረጃው ብረት እስከ ወጥ ቤቱ ቁም ሣጥን ድረስ ገመድ ወጥራ ሁሉንም ሰቀለቻቸው።

እጇ ሲሠራ ልቧ እናቷ ዘንድ ነበር። ለማንም ባትናገረውም ለራሷ ወስናለች፤ እናቷ ናቸው። ሳምንቱን ሙሉ፣ በባቡር ውስጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ ስለ እርሳቸው የምትለውን የልቅሶ ቃል ስትደረድር ሰንብታለች።

የመርዶውን ሥርዓት ታውቃለች። ይገባሉ፤ ይቀመጣሉ፤ ጤናዋን ይጠይቃሉ። ከመካከላቸው ሽማግሌ የሆኑት ስለ ሰው ልጅ ዕድሜ ከሩቁ ይጀምራሉ። እርስ በርስ ይተያያሉ። ከዚያ ስሙ ይመጣል። ለራሷ ያስቀረችው አንድ ነገር ቢኖር በወንበሩና በስሙ መካከል ያለችውን ያችን ጥቂት ጊዜ ነበር። በዚያች ጊዜ ውስጥ ሦስቱንም በሕይወት ሳሉ አንድ በአንድ ልትሰናበታቸው አስባለች።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ታጥባ፣ ለብሳ፣ ተቀምጣ ስትጠብቅ ነበርና ወዲያው ከፈተችው። ሽማግሌው ጋሼ ስዩም ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመዋል፤ ከኋላቸው ደበላ የሻይ ፔርሙስ ታቅፏል። እትዬ ተረፈች ግን ሰላምታውን ሳይጨርሱ፣ ነጠላቸውን የደበቁበትን የሱፐርማርኬት ፌስታል ይዘው ቀድመው ገቡ።

አንዱ ጣረሞት ግንባራቸውን ዳሰሳቸው። ቀና አሉ። የተንጠለጠለውን አጽም፣ የተደረደረውን የራስ ቅል፣ በጥቁር ክር የተጋረደውን መስኮት አዩ። ፌስታሉ ከእጃቸው ወደቀ።

«ወይኔ ልጄ! ሰምታለች! ብቻዋን ሰምታ፣ ብቻዋን ቤቱን ከል አልብሳ!»

«ማን ነገረሽ?» አሉ ጋሼ ስዩም ደንግጠው። ወደ ደበላ ዞሩ። «ማን ነው እኛ ሳንደርስ የነገራት?»

አባይነሽ ለልጆች ነው ልትል አፏን ከፈተች። እትዬ ተረፈች ግን ደረታቸውን መምታት ጀምረዋል።

«አጸደን! አጸደን የመሰለች ልጅ! በወሊድ! ምነው እኔን ባደረገው!»

ወንበሩም፣ ጤና መጠየቁም፣ ከሩቅ የሚጀመረውም ወግ ቀረ። አባይነሽ በእናቷ ስም የደረደረችው ቃል ሁሉ አፏ ላይ ደረቀ። ለአጸደ የተዘጋጀ አንድም ቃል አልነበራትም። እዚያው በቆመችበት፣ ጣረሞቶቹ መካከል፣ ስሟን ብቻ ደጋግማ ጠራች።

ልቅሶው ጋብ ሲል ጋሼ ስዩም ከራሳቸው በላይ የሚወዛወዘውን የሌሊት ወፍ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«ልጄ፣ ይህ በዚህ አገር ለሐዘን የሚሰቀል ነው?»

«አይደለም ጋሼ። የሕፃናት ጨዋታ ነው። ነገ በዓል አላቸው።»

«ለጨዋታ» አሉ በቀስታ። ነገሩ ሲገባቸው ፊታቸው ተለወጠ፤ ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው አንስተው እንደገና አስቀመጡት። «እኛ ደግሞ ሰምታለች ብለን…»

«እናውርደው ይኼን ጉድ!» አሉ እትዬ ተረፈች እንባቸውን እየጠረጉ።

«ይቆይ» አለች አባይነሽ። «ቀለሙ አልደረቀም።»

ሰው ሲመጣና ሲሄድ ዋለ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ሰኞ ሥራ ነውና አንድ በአንድ ተነሡ። እትዬ ተረፈች የልጅ ልጆቻቸውን የሚይዝ ሰው አልነበራቸውም፤ ነገ እመለሳለሁ ብለው ስመዋት ሄዱ። የደረቁትን ጌጦች ካርቶን ውስጥ ሊከትላት ደበላ ብቻ ቀረ።

«አምና ስትደውዪልኝ አውቄ ነበር» አለ አጽሙን አጣጥፎ እያስገባ።

«ምኑን?»

«ሰው ስለ ባቡር ያን ያህል አያወራማ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«አንቺስ?» ካርቶኑን በሲባጎ አሰረ። «በዚያ ሳምንት መኪናዬን አጥቤ አጥቤ፣ ጎረቤቴ ጣሊያኑ ልትሸጣት ነው ወይ አለኝ።»

አባይነሽ ሳቀች። ሳቁ መካከል ላይ ተሰበረ፤ ደበላም ዓይኑን ወደ ገመዱ መለሰ።

«ይቺ ትንሿ ጣረሞት ፊት የላትም።»

«አልደረስኩባትም።»

ደበላ ከሄደ በኋላ ትንሿን ጣረሞት አውርዳ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠቻት፤ ብሩሹን ነከረች። ዓይኖቹን ሠራች። አፉ ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ፤ ቀለሙ ከብሩሹ ጫፍ ሊንጠባጠብ ሲል ጀመረች። ሰፊ ሳቅ ሣለች፤ ጥርሶቹን አንድ በአንድ አወጣች፤ በላይኞቹ ሁለት መካከል ነጩን ጨርቅ ሳትነካ ፍንጭት ተወች።

ጣረሞቷ እጅ የላትምና የሚሸፍነው አልነበረም። አባይነሽ በባዶው ገመድ ላይ ብቻዋን ሰቀለቻትና፣ እስክትደርቅ ድረስ ከሥሯ ተቀመጠች።