ደህናው ጉልበት

ሐኪሙ የልጄን ግራ ጉልበት አይቶ፣ "አንድ ምት ቢያርፍበት አንካሳ ሆነሽ ትቀሪያለሽ" ብሏታል። ዳቦ ቤት ቆማ ስትውል ጉልበቱ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል። ያም ሆኖ የዳቦ ቤቱ እግር ኳስ ቡድን ከልብስ ስፌቶቹ ጋር ለዋንጫ ሲደርስ አልቀርም አለች። ፋሻውንም በደህናው በቀኙ ላይ ጠቀለለችው።

"የስፌቶቹ ተከላካይ፣ መዶሻ የሚሏት፣ የታመመ እግር ካየች አትምርም። ቀኙን ትምታ፤ ምን ይሆናል?"

"ሁለቱንም ብትሰብርብሽስ?"

"እማዬ፣ ዛሬ እንኳ አታሟርቺብኝ!"

ሜዳው ዳር ቆምኩ። እንዳለችውም መዶሻ ቀኙን እያሳደደች ትራገጣለች፤ ልጄ ታልፋታለች። አንድ ጎልም አገባች። ወዲያው መዶሻ በግራ በኩል ተንደርድራ ስትመጣ አየሁ።

"ግራሽን! የታመመውን ጠብቂ!" ብዬ ጮህኩ።

መዶሻ ቆም ብላ ወደ እኔ ዞረች። "እግዜር ይስጥዎ፣ እናቴ!" አለችና ሳቀች።

በሚቀጥለው ኳስ መዶሻና ሌላ ተከላካይ ሁለት ሆነው በልጄ ግራ እግር ላይ መጡባት። ለጥቂት ሳቷት። የእነልጄ አሰልጣኝ፣ የዳቦ ቤቱ የሊጥ ማሽን ሠራተኛ፣ በዓይኑ እየበላኝ ልጄን ቀየራት።

ልጄ ፋሻውን ፈትታ እግሬ ሥር ወረወረችው።

"አንቺ ለማን ነው የምትጫወቺው?"

ጎንበስ ብዬ ፋሻውን አነሳሁ። ጥላኝ ስትሄድ ጉልበቷን ብቻ አየሁ፤ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ትጥላኝ ግዴለም፤ ብቻ በሁለት እግሯ እየሄደች ትጥላኝ።