መብራት ቢሄድ

ዓለም ገና መንገድ ዳር ያለው ፎቅ ገና አላለቀም፤ ሳያልቅ ነው የተከራየው። ላይ ምእመኑ ያመልካል። ታች በአንዱ ክፍል ሕፃናት ይማራሉ፣ በሌላው ዛኪር ሚስማርና ቀለም ይሸጣል። የዚያን እሑድ ጠዋት ዛኪር መዝሙር መሪዋን ደስታነሽን ደረጃው ሥር አስቆማት።

«እህቴ፣ ይሄ ምሰሶ ትናንት እንዲህ አልነበረም» አለና ስንጥቁን አሳያት። ጣት ያስገባል። «ዛሬ ባትዘሉበትስ?»

ደስታነሽ ልጇን ኤዶምን ምሰሶው አጠገብ ካለው ክፍል አስገብታ መውጣቷ ነበር። ሮጣ ወጥታ ለፓስተሩ ነገረችው።

«ተሐድሶ ሲመጣ ሰይጣን መች ይተኛል?» አላት ክራቫቱን እያስተካከለ። «አንቺ ብቻ መዝሙሩን ምሪ።»

እሺ ይበልጣል ከሺህ ሲሏት ያደገች ናትና እሺ አለች። የዚያን ቀኗ እሺ ግን ባትበልጥ ይሻል ነበር።

መሪነቱንስ ታውቅበታለች። በዚያ ሰፈር መብራት ሳይሄድ የሚያልቅ አምልኮ የለም፤ «መብራት ቢሄድ መዝሙር አይሄድም» ብላ ምእመኑን ያስተማረችው እሷው ናት።

«አሮጌው ይፍረስ፣ አዲሱ ይተከል፤ ጌታ ሆይ፣ ዳግም አድሰን!» ብላ ቀስ አድርጋ ጀመረች። ኪቦርዱን የሚጫወተው ባሏ ታመነ ነው፤ እሱ ደግሞ አንዴ ዓይኑን ከጨፈነ ሰማይ ቢደፋ አይሰማም። ምቱን አፈጠነው። ሕዝቡም ዓይኑን ጨፍኖ መዝለል ጀመረ። ዓይኗን ገልጣ የቆመች እሷ ብቻ ነበረች።

ወለሉ ተንቀጠቀጠ። ከግድግዳው ልስን ረገፈ።

«ቤቱ ተናወጠ! እንደ ሐዋርያት ዘመን!» ብለው እማማ ጠጅቱ ጮኹ።

«አሜን!» አለ ሕዝቡ፤ ዝላዩ ባሰ።

ደስታነሽ ምቱን ለማብረድ እጇን ዝቅ ዝቅ አደረገች፤ ማን አይቷት! «ወገኖቼ፣ በቃ፣ እንውረድ!» አለች፤ ድምፅዋን እልልታው ዋጠው። ዝም አለች። በዚያ ቤት ግን መሪ ዝም ካለ መንፈስ ነክቶታል ማለት ነው፤ «ነካት!» አሉና ይበልጥ ዘለሉ። ማይኩን ጥላ ወደ ታች በረረች።

ከዛኪር ጋር ሕፃናቱን እየጎተቱ አስፋልት ዳር አደረሷቸው። ኤዶምን አቅፋ አለቀሰች።

«እማዬ፣ አባዬስ?» አለች ልጅቷ።

«ቆይ፣ እኔ ዝም አሰኛቸዋለሁ» አለ ዛኪር። ወደ ቆጣሪው ሮጦ መብራቱን አጠፋው። ኪቦርዱም ድምፅ ማጉያውም ቀጥ አሉ። ፎቁ ጸጥ አለ።

«ተመስገን!» አለች ደስታነሽ። «ታመነ፣ ውረዱ!» ብላ ልትጣራ አፏን ስትከፍት፣ የታመነ ድምፅ ከላይ ብቻውን ተነሣ።

«አሮጌው ይፍረስ...»

እሷ እንዳስተማረቻቸው ሁሉም ተቀበሉት። እግራቸው አንድ ላይ ወለሉን መታ፤ ከዛኪር ሱቅ ውስጥ ሚስማር ከነጣሳው ከመደርደሪያ ሲወድቅ ተሰማ።