ወንድሜ የያዘልኝ ኖታ

ቤዝ ጊታር ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ይህን የምናገረው ለጉራ ነው። የጣቱን ቦታ ከቪዲዮ፣ ቀሪውን ከገዛ ጆሮዬ ለቀምኩ። እናቴ «ግድግዳው ሊወርድብን ነው!» ስትል «ይውረድ፣ ቤቱ ሰፋ ይልልናል» እላታለሁ።

የፈረንጆቹን ሰባት ቅኝቶች አጥንቼ ስጨርስ ግን ተናደድኩ። ከዶ ብነሳ፣ ከሬ ብነሳ፣ ከላ ብነሳ ሁሉም ያው አንድ መሰላል ሆኑብኝ። ደስታውም ኀዘኑም የት እንደገባ ጠፋኝ። ለካ ከሥር አንድ ኖታ ይዞ የሚቆም ሰው ከሌለ ቅኝት የሚባል ነገር አይሰማም።

ያንን የሚይዝልኝ ወንድሜ ነበር። ታላቄ ነው፤ ኪቦርድ ይጫወታል፤ ይጫወት ነበር ልበል። ለሥራ ሌላ ከተማ ከገባ ወዲህ በስልክ አብረን ልንጫወት ሞክረን ነበር። ድምፁ እየዘገየ ሲደርስ እኔ ስጨርስ እሱ ገና ይጀምራል፤ ተሰዳድበን ተውነው። ዛሬ ጠዋት እናቴ «ኪቦርዱን ለጎረቤቱ ሊሰጠው ነው። ምን ያደርግልኛል አለ» አለችኝ።

«የራሱ ጉዳይ» ብዬ ወጣሁ። ወጣሁ ስል፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

አብረኸኝ ተጫወት ብሎ መለመን ሞቴ ነው። ነገር ግን ዝም ብሎ የተያዘ ኖታ ምት የለው፣ ቢዘገይስ ማን ያውቅበታል? ማታ ከሥራ ሲገባ ጠብቄ ደወልኩ።

«አንቺ! ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ወጣች?»

«ዶን ያዝልኝ። መሃለኛውን፤ ወፍራሙን ስልኬ አይችለውም።»

«እስከ መቼ?»

«በቃ እስክልህ።»

«ሰላምታ እንኳ የለም፣ ትእዛዝ ብቻ!» ብሎ ሳቀ። የጃኬቱ ዚፕ ሲወርድ ተሰማኝ። ከዚያ ዶ መጣች።

ስልኩን ትራስ ላይ አስደግፌ ቀጠን ባለው ድምፅ ሰባቱን ኖታዎች ቀስ እያልኩ ተጫወትኩ። ክፍሉ መስኮት የተከፈተ ያህል ቀለለኝ። ደግሜ ስመጣ ግን ዜማው አዘነብኝ። ጣቴን አልቀየርኩም፤ ኖታዎቹም ያው ናቸው። ከሥር ዶ ወርዳ ላ ሆናለች።

«ማን ቀይር አለህ?»

«ማንም። እንዲህ ደስ አለኝ።» ላን እንደያዘ ቀጠለ፦ «ቶሎ በይ ብቻ፣ ጎረቤቴ ሊወስደው ይመጣል።»

እንደገና ጀመርኩ። አልሆነልኝም፤ ጣቴ መሃል ላይ ቆመ።

«ጋሼ» አልኩት። ጋሼ ካልኩት ቆይቻለሁ፤ ካደግሁ ወዲህ የምጠራው በስድብ ነበር። «አትስጠው።»

«ለምን?»

ቀልድ ፈለግሁ፣ አጣሁ።

«ብቻዬን አልቻልኩም።»

በዚያ በኩል በር ተንኳኳ። ላ አልተቋረጠችም። ደግሞ ተንኳኳ፤ አሁን በኃይል።

«ቀጥዪ እንጂ» አለኝ፣ «ምን ትጠብቂያለሽ?»