ግንባረ ቦቃው በሬ

አያቴ ነገሳ የየካ ጭቃ ሹም ነበሩ። ከብቱ በበሽታ ባለቀበት ዓመት፣ ለመንደራችን አንድ ለእናቱ የቀረው ግንባረ ቦቃ በሬ ተሰረቀ። አያቴ እንደ ወጉ አገሬውን ለአውጫጭ ሜዳ ላይ ሰበሰቡ፤ ሌባው ሳይታወቅ ማንም ቤቱ አይገባም። የተራበ ሰው ፀሐይ ላይ ሰነበተ። የጎረቤታችን የጂቱ ሕፃን ጡቷ ላይ እንዳለ ሲሞት አያቴ ብድግ አሉ።

«የሰረቅሁት እኔ ነኝ። በሉ ወደየቤታችሁ!»

ከእንጦጦ የወረዱ ወታደሮች ገርፈው ገደሏቸው። አጥንቱ ያገጠጠ ሽማግሌ መቼ በሬ በላ ብሎ የጠየቀ አንድ እንኳ የለም። ያተረፏቸው ሁሉ «ሌባ አንቀብርም» ብለው ቀሩ፤ ውለታ ቢሶች!

ኢዶሳ የሚባል ጎረቤታችን ብቻ መገነዣ ቆዳ ይዞ መጣ። እያለቀሰ አያቴን ጠቀለላቸው። የቆዳው ነጭ ቦቃ ልክ ፊታቸው ላይ አረፈ።