ዛሬ ማንን ታሳልፋለህ?

ትሕትና የሌለው ሾፌር ያናድደኛል። ጥሩምባ የሚያስጮኸው፣ ረጅም መብራት ዓይን ላይ የሚለቀው፣ ጠባብ ቦታ ላይ አፍንጫውን አስገብቶ «እኔ ቀደምኩ» የሚለው፣ ሁሉም ያናድደኛል። እኔ ከሞጣ ቢቸና ሚኒባስ ስነዳ ለሰው መንገድ ከልክዬ አላውቅም። ከጠጠር መንገድ ሊገባ የሚጠብቅ አይሱዙ ካየሁ መብራት ብልጭ አድርጌ አስገባዋለሁ። መናኸሪያ ያሉት ሾፌሮች ከስሜ አያይዘው «ጓዴ ይለፉ» ነው የሚሉኝ። ይበሉ።

ስርጉትም ትስቅብኝ ነበር። ሞጣ ተወልዳ ቢቸና የምታስተምር ልጅ ናት። ወደ ቤተሰቦቿ ስትመጣ ጋቢና ከጎኔ ትቀመጥና ገና ሞተር ሳስነሳ፣ «ጓዴ፣ ዛሬ ማንን ታሳልፋለህ?» ትለኛለች። እወዳት ነበር። ለእሷ አልነገርኳትም፤ በወጉ ሽማግሌ ልልክ ለጎረቤቴ ለአቶ ስጦታው ነግሬ ነበር። አቶ ስጦታው ሊሄዱ ሲነሱ፣ ደምለው የሚባል የቢቸና ነጋዴ በዚያው ሳምንት ሽማግሌ መላኩን ሰማሁ። ቀድሞ የገባን ሰው ደርቦ ማለፍ ነውር ነው። «ይቆዩ» አልኳቸው። ቆዩ። አባትየው ለደምለው እሺ አሉ።

የሰርጓ ቀን ሞጣ ተቀምጬ እልልታውን ላለመስማት ሌላ ሙሽራ የማጓጓዝ ሥራ ያዝኩ። የሰው ነጭ ኮሮላ ተሰጠኝ። ሙሽራው ይታያል የሚባል የሞጣ ልጅ ነው፤ ሙሽሪት እፀገነትን ከቢቸና ይዘን ወደ ሞጣ እንመለሳለን። የእነ ስርጉት አጀብ ደግሞ ከሞጣ ወደ ቢቸና ይመጣል። መንገዱ አንድ ስለሆነ እንደምንገናኝ አውቃለሁ። ግን አስፋልት ላይ መኪና ከመኪና ሲተላለፍ ምን ያህል ይፈጃል? በቬሎ ሳላያት ትለፍ፤ የፈለግሁት ይኸን ብቻ ነበር።

ድልድዩን ረስቼ! ለጥገና ግማሹ በበርሜል ታጥሮ አንድ መኪና ብቻ ነው የሚያሳልፈው። መሀሉ ላይ ስደርስ አበባ የተለጠፈባት ጥቁር መኪና ከጠመዝማዛው ብቅ ብላ ፊት ለፊቴ ቆመች። ከኋላዋ አጀብ፣ ከኋላዬም አጀብ።

እጄ በልማድ ወደ ኋላ ማርሽ ሄደ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለ ሚዜው ምንይሉ ትከሻዬን ይዞ።

«ላሳልፋቸው።»

«ሙሽራ ይዘህ ወደ ኋላ? አብደሃል እንዴ?»

እውነቱን ነው። በእኛ ዘንድ ሙሽራ የያዘ መኪና ወደ ኋላ አይልም፤ ካለ ትዳሩም ወደ ኋላ ይሄዳል ይባላል። ችግሩ፣ ከፊቴ ያለችውም ሙሽራ ይዛለች።

ሚዜዎቹ ወርደው ተከራከሩ። መጀመሪያ በትሕትና ነበር። «በሞቴ፣ እናንተ ትንሽ ሸሸት በሉልን።» «እኔ ልሙት፣ እናንተ ሸሸት በሉ።» ከዚያ አንዱ፣ «ሙሽሪታችሁ ትውረድና መኪናው ባዶውን ይመለስ» አለ። «የእናንተ ስታልፍ የእኛ ቆማ አቧራ ትቃም?» አለ ምንይሉ። ከዚህ በኋላ ትሕትናው ቀነሰ። እኔ ቀና እንዳልል የፍጥነት መቁጠሪያውን አያለሁ። ዜሮ ላይ ነው።

በመጨረሻ የእፀገነት አክስት እማሆይ ወለተ ገብርኤል ከኋላ ካለው ሚኒባስ ወርደው መጡ። ነገሩን አስረዷቸው።

«ታዲያ ሙሽሮቹ ይቀያየሩ!» አሉ።

ሚዜዎቹ ዓይን ለዓይን ተያዩ።

«መኪና ነው የምላችሁ፣ እናንተ ጉዶች! ሁለቱም ወገን በእግሩ ወደ ፊት ይሻገር። ባዶ መኪና ወደ ኋላ ቢል ማን ይጎዳል? የእኛን ልጅ እነሱ ሞጣ ያድርሷት፤ የእነሱን ይኼ ልጅ ቢቸና ያድርስ።» ይኼ ልጅ ያሉት እኔን ነው።

«ሾፌሮችም እንቀያየር» አልኩ።

«የሰው መኪና ጥለህ ወዴት?» አለ ምንይሉ። የጥቁሯ መኪና ሾፌርም መሪውን በሁለት እጁ ጥብቅ አድርጎ ያዘ።

ባዶዬን ወደ ኋላ ወጣሁ፤ አዞርኩ፤ በሩ ተከፈተና ስርጉትና ደምለው ከኋላዬ ተቀመጡ። አጃቢዎቹ ሙሽራ ስላልያዙ ወደ ኋላም ወደ ፊትም እያሉ ተላልፈው የየሙሽራቸውን መኪና ተከተሉ። በመስታወቱ አየኋት። ታምራለች። ምን ላድርግ?

«ጓዴ ይለፉ!» አለ ደምለው ደስ ብሎት። ጥሩ ሰው ነው፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። «ያኔም አሳለፍከኝ፣ ዛሬም ልታደርሰኝ! አቶ ስጦታው ነግረውኛል እኮ። ለእሷ ሽማግሌ ልትልክ ስትል እኔ በመቅደሜ መተውህን። እንዲህ ያለ ጨዋ የት ይገኛል?»

ስርጉት በመስኮቱ ውጭውን ታይ ነበር። ዞረች።

«አላውቅም ነበር» አለች።

«ምኑን?» አለ ደምለው።

«ሊልክ እንደነበር።»

«ይኸው አወቅሽ» አለና ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። እኔ ፍጥነት ቀነስኩ።

ከዚያ ወዲያ ያላሳለፍኩት የለም። ጤፍ የጫነ አይሱዙ አሳለፍኩ። ባጃጅ አሳለፍኩ። ደብረ ወርቅ ላይ ከገበያ የሚመለሱ አህዮች እስከ መጨረሻዋ ድረስ እስኪሻገሩ ቆምኩ፤ አንዷ መሀል መንገድ ላይ ቆማ ስታስብ ጠበቅኳት። አጀቡ ከኋላዬ ጥሩምባውን ያስጮኻል። ይጩህ። ደምለው «ሾፌር ማለት እንዲህ ነው» ይላል። ጨዋነት አልነበረም። ስርጉት ቢቸና እንዳትደርስብኝ ብዬ ነው።

ቢቸና መግቢያ ላይ ከጎን የጠጠር መንገድ ይገናኛል። እዚያ ሊገባ የሚጠብቅ መኪና ጠፍቶ አያውቅም። ቆምኩ። ግራ አየሁ፣ ቀኝ አየሁ። ውሻ እንኳ የለም።

«ጓዴ» አለች ስርጉት ቀስ ብላ። «አሁን ማንን ነው የምታሳልፈው?»

«ማንንም።»

በመስታወቱ ተያየን። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«እንግዲያው ሂድ» አለች።

ማርሽ አስገብቼ ሄድኩ።